እናቶችን ፍለጋ በላክስተን የጋብቻ መዝገብ

ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ እንግሊዛዊት ናቸው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን «የአባቴን ወገን አውቃለሁ፤ እናቶቼ እነማን እንደነበሩ ግን የነገረኝ የለም» አሉኝ። የእናታቸው ዘር የሚመዘዘው ከላክስተን ነው፤ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ካለች ትንሽ የገጠር ደብር። ዓይናቸው ደክሟል። እኔ ልፈልግልዎት አልኳቸው።

የጀመርኩት ከጋብቻ መዝገብ ነው። እኛ ጋ ሴት ብታገባም የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል። እዚህ ግን እንደ ልማዱ ካገባች በኋላ በባሏ ስም ነው የምትጠራው፤ በልጆቿ ጥምቀትም፣ በቀብሯም። የድሮ ስሟ የሚገኘው በሠርጓ ቀን በተጻፈው መስመር ላይ ነው። ያ መስመር ከጠፋ እናቷም፣ አያቷም አብረው ይጠፋሉ።

ከቅርቡ ወደ ሩቁ መሄድ እንደሚሻል ቶሎ ገባኝ። ከ1837 ወዲህ ያለው መዝገብ ቀላል ነው፤ የሙሽሮቹን አባቶች ስምና ሥራ ይዟል። የእናቶች ስም ግን የለም። እንግሊዝ ውስጥ የእናት ስም በጋብቻ መዝገብ ላይ መጻፍ የጀመረው በሜይ 4፣ 2021 ነው። ይህን ሳውቅ በጎረቤቴ ቦታ ሆኜ አዘንኩ።

ከ1837 በፊት ያለውን ኖቲንግሃም ባለው ቤተ መዛግብት በማይክሮፊልም አየሁ። በ1754 በሥራ ላይ የዋለው የጋብቻ ሕግ ሙሽሮቹና ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙ ያዛል። መጻፍ የማይችል የመስቀል ምልክት ያደርጋል። አንዷ ሙሽራ ያደረገችው መስቀል አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አንዱ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው መሃል ላይ ተሰብሯል። ብዕሩ የቆመበት ቦታ ቀለሙ ተጠራቅሞ ጠቁሯል። ዙሪያውን ስሟን የጻፈው ቄሱ ነው፤ በልጇ ጥምቀት ላይ ደግሞ ያንኑ ስም በሌላ ፊደል ጽፎታል። ማንበብ ስለማትችል አላረመችውም። ውጭ አገር በየቢሮው የእኛ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ሲጻፍ እናውቃለን። ከዚያ ወዲያ ስሞችን በዓይኔ ብቻ መፈለግ ትቼ ድምፅ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ከባድ ስህተትም ሠርቻለሁ። ጋብቻው ሜይ 1735፣ የመጀመሪያው ልጅ ጥምቀት ፌብሩዋሪ 1735 ይላል። ልጁ ከጋብቻ በፊት ነው የተወለደው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ለካ እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር! ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር 1736 ነው፤ ልጁ ከሠርጉ ዘጠኝ ወር በኋላ ነው የተጠመቀው። ዓመት በመስከረም ሲለወጥ እያየሁ ያደግኩ ሰው ሌላውም የራሱ ዘመን መለወጫ እንዳለው መጠየቅ ነበረብኝ። ያቺን እናት ያለጥፋቷ ጥፋተኛ አድርጌያት ነበር።

ከዚያ ክሩ ተበጠሰ። አንድ ጋብቻ ላክስተን ውስጥ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይነት ገጾች ሳገላብጥ ከረምኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ትቼ ወደ ቦታው ሄድኩ።

ላክስተን የምትታወቀው በማሳዋ ነው። በሌላው የእንግሊዝ ገጠር መሬቱ እየታጠረ ለየግል ሲከፋፈል፣ እዚህ ሦስት ሰፋፊ ክፍት ማሳዎች ቀርተዋል፤ ደቡብ ማሳ፣ ምዕራብ ማሳና የወፍጮ ማሳ። የገበሬው መሬት በየማሳው ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ይገኛል። በጥንቱ ሥርዓት አንዱ ማሳ የክረምት ስንዴ ሲዘራበት ሌላው የጸደይ እህል ይዞ ሦስተኛው ጦሙን ያድራል። ዛሬም ከገበሬዎቹ የተመረጡ ዳኞች በዓመት አንዴ ወሰኑን ዞረው ያያሉ፤ የገፋ ይቀጣል። ማርክ ፒርስ በ1635 የሠራው ካርታ እያንዳንዱን ቁራጭ መሬት ያሳያል። ኮፒውን ይዤ ስሄድ ብዙ ቦታ መንገዱ ያው ነው።

መሬቱ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ቀይ ጭቃ ነው። እንዲህ ባሉ እህል አብቃይ ደብሮች ሠርግ የሚበዛው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር አካባቢ ነበር። ለእኛ ይህ አያስገርምም፤ እኛም ጥርን የምንጠብቀው እህሉ ጎተራ ከገባ፣ ጾሙም ከተፈታ በኋላ ነው።

ወደ ጎረቤቱ ደብር፣ ወደ ኤግማንተን የሚወስደውን መንገድ ይዤ ተነሳሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደረስኩ። እዚያ ቆሜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሠርግ በልማድ በሙሽራዋ ደብር ነው። ሙሽራው የላክስተን ሰው ቢሆንም እሷ ከጎረቤት ደብር ከሆነች መዝገቡ እዚያ ነው የሚገኘው። እኔ ደግሞ የደብሩን ወሰን እንደ ግንብ ቆጥሬው ነበር፤ ለነሱ ግን የአንድ ማለዳ መንገድ ነው። በማግስቱ የኤግማንተንን መዝገብ አስወጣሁ። ጋብቻው አለ፤ እሱ «የላክስተን»፣ እሷ «የዚሁ ደብር»።

ለጎረቤቴ ስሟን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደግመው እሳቸውም አሉት። ከዚያ የፒርስን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «በየት በኩል ነው የመጣችው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ የኤግማንተን መንገድ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ራሳቸው ቀስ እያሉ እስከ ላክስተን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዱበት።