ደረሰኙ ተቆረጠ፣ ባክቴሪያው ሞተ

ባለፈው ዓመት ምሥራቅ ጎጃም፣ ስናን ውስጥ በቤተሰቤ ግማሽ ሄክታር ላይ ባቄላ ዘራሁ። ዓመቱን ግማሽ ያህል በጾም ለሚያሳልፍ ቤት ሽሮውና ስልጆው ሥጋው ነው፤ የባቄላ ሩቡ ያህል ፕሮቲን ነው። መሬቱ አሲዳማ ስለሆነ በሚያዝያ ኖራ በተንሁበት። ታረሰ፣ ነቀዝ የበላው ተለቀመ፣ ሰኔ ገባ።

ያበላሸሁት ሕያው ማዳበሪያውን ነው፤ ዘር ላይ የሚለወስ፣ ባቄላው ናይትሮጂን ከአየር እንዲያገኝ የሚረዳ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት። ከደብረ ማርቆስ ባለ 125 ግራም ሁለት ፓኬት ገዝቼ በሚኒባሱ የፊት መስታወት ሥር አስቀምጬ መጣሁ። ቤት ስደርስም በረንዳ ላይ፣ ከማዳበሪያው ጆንያ ጋር፣ አምስት ቀን አስቀመጥሁት። ሻጩ ደረሰኝ ሲጽፍ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ነበር፤ «ይህ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ፀሐይ ይገድለዋል» ለማለት ግን ትንፋሽ አጠረው። የማሸጊያው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው እንዳልል፣ እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ። አላነበብሁትም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በዘር ቀን ዘሩን በስኳር ውሃ አርሼ ጥቁሩን ዱቄት ለወስሁበት። ደመናው ገለጥ ሲል ደግሞ እንዲጠነፍፍ ብዬ ሸራ ላይ አሰጣሁት! አባቴ አይተው «ለዘር ነው ለቆሎ?» ብለው ሳቁ።

ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አንዱን ተክል ከነአፈሩ ቆፍሬ አነሣሁ። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ጥቂት ናቸው፤ በጥፍሬ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ነጭ። ጎረቤቴ ጥላ ሥር ለውሶ ከዘራው የተነሣው ግን ሲሰነጠቅ ደም የነካው ይመስላል። ያ ቅላት ባክቴሪያው ናይትሮጂን ከአየር እየሳበ እንደሆነ ይናገራል።

የግብርና ባለሙያው «ዩሪያ ጨምርበት» አለኝ። እምቢ አልሁ። ዩሪያ የለመደ ባቄላ ከአየር መሳብ ይሰንፋል፤ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ፣ ምርቴ ባይመሰክርልኝም። አምስት ኩንታል አገኘሁ፤ ጎረቤቴ በዚያው ስፋት ዘጠኝ። ዘንድሮ እሱ ባቄላ ከነበረበት ላይ ስንዴ ሲዘራ ዩሪያውን ይቀንሳል። እኔ ሙሉውን ገዛሁ።

የምትገዙ ካላችሁ፣ በዘር ሳምንት ግዙ፤ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት። በማለዳ ጥላ ሥር ለውሱት፣ ወዲያው ዝሩት፣ አፈር አልብሱት። ኤንፒኤስ ከሚባለው የፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር አንድ ላይ አትለውሱት።

ለሌላው ማሳ ዘንድሮም ገዛሁ። እናቴ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ «እንደ እርሾ ነው፣ ሕይወት አለው» አልኋት። ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ከምድጃው አጠገብ አንስታ ጓዳ አስገባችው።