ለቅሶ ደራሽ ያደረገችኝ ቪትዝ

መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ምንም ችግር የለባትም። ቁልፍ ገና ስነካ ትነሳለች። ጣጣው የሚመጣው ሞቃ ከጠፋች በኋላ ነው። አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ አቁሜያት ስመለስ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፤ እሷ ወይ ፍንክች። አርባ ደቂቃ ያህል ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ ብላ ትነሳለች። "ታዲያ ትንሽ መጠበቅ ነዋ" የምትሉ ካላችሁ፣ ኑና ማደያ ውስጥ፣ ከኋላችሁ ያ ሁሉ ሰልፍ እያለ ጠብቁልኝ።

መጀመሪያ ያዋረደችኝም እዚያው ነው። ቀዳሁ፣ ከፈልኩ፣ ቁልፍ ሳዞር እምቢ። ጡሩምባው በአንዴ ለቀቀብኝ። አንዱ "ነዳጁ ውሃ አለበት" ይላል፣ ሌላው "ባትሪ ነው" ይላል፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወርዶ "ግፉለት!" ብሎ ሲጮህ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ጎረምሶች ከኋላ ያዙኝ። "አውቶማቲክ ናት፣ በግፊ አትነሳም!" ብል ማን ሰምቶኝ። እየተሳሳቁ ከማደያው ገፍተው አስወጡኝና የሻይ ጠየቁኝ። ሰጠሁ። ምን አደርጋለሁ።

ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ወረፋ እስኪደርሰኝ ትቀዘቅዛለች። መካኒኩ ቁልፍ ሲነካ ወዲያው ትነሳለች። ከዚያ እሷን ትቶ እኔን ማየት ይጀምራል። "ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ጤነኛ ናት።" ጤነኛ ናት ብሎ ግን ባዶ እጄን አልላከኝም፣ ባትሪ ቀየረ። ሌላኛው ጋራዥ ካንዴላዎቹን ቀየረ። ሦስተኛው ኮምፒውተር አስሮ አነበባትና የብልሽት ኮድ አጣ። ኮድ ሲያጣ ዝም ይላል ስል "ሴንሰር ነው" አለኝ። የቱ ሴንሰር? እንግዲህ በግምት ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ የካምሻፍት ሴንሰር ገዛሁ። ሻጩ "ኦርጂናል ነው፣ የዱባይ" አለኝ፤ ሁለቱ ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚሄዱ እስካሁን አልገባኝም። ተገጠመ። ያው ናት። የውሃ ሙቀት ሴንሰርም ተቀየረ። አሁንም ያው ናት። ጎረቤቴ በበኩሉ ባየኝ ቁጥር "ኤሌክትሪክ ግዛ" ይለኛል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰውየው ክልከላውን እሱ ያወጣው ነው የሚመስለው።

እሷ ካልተስተካከለች እኔ ተስተካከልኩ። የሄድኩበት ቦታ ሁሉ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መቀመጥ ጀመርኩ። አክስቴ ጋ ለአምስት ደቂቃ ዕቃ ላደርስ እገባለሁ፣ ቡና ሲፈላ አልነሳም። አቦሉን ጠጥቼ፣ ቶናውን ጠጥቼ፣ በረካውን ሳልቀምስ ንቅንቅ የለም። እሷ በደስታ አልቅሳ ልትሞት። "እንዳንተ ያለ ሰው ወዳድ ልጅ የለም፣ የዛሬ ልጆች እኮ ቆመው ነው የሚጠጡት" ትለኛለች። የታመመ ስጠይቅ ታማሚው ደክሞት እስኪተኛ አጠገቡ ነኝ። በሰፈሩ ስሜ ተነሳ። እናቴ ዘንድ እየደወሉ መረቁኝ። የእድራችን ሰዎች "ይሄን ልጅ ኮሚቴ እናስገባው" ሲሉ ሰማሁ፤ ያኔ ነው ነገሩ እያሳሰበኝ የመጣው።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባችን የባለቤቱ አጎት አረፉና ተሰብስበን ለቅሶ ሄድን። ባልደረቦቼ "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው፣ ንፍሯቸውን ዘግነው፣ ትንሽ ቆይተው ተነሱ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ቀረሁ። ንፍሮ ሁለተኛ ተሰጠኝ፣ በላሁ። ቤተሰቡ መንሾካሾክ ጀመረ። "በእናታቸው ወገን ነው" ስትል አንዷን ሰማኋት። በየመሀሉ ወጥቼ መኪናዋን አይና ቅስሜ ተሰብሮ እመለሳለሁ፤ የሚያየኝ ሁሉ ደጅ እየወጣሁ የማለቅስ መስሎታል።

ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ሟችን በምን ነበር የምታውቃቸው?"

"አላውቃቸውም ጋሼ" አልኩ፤ መዋሸት አቃተኝ። "መኪናዬ እስክትቀዘቅዝ ነው።"

ካርታቸውን አስቀመጡ። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመካኒክነት የኖሩ ሰው ናቸው።

"ስትሞቅ ነው እምቢ የምትለው?"

"አዎ።"

"ሞተሪኖው ግን ይዞራል?"

"ይዞራል።"

"ክራንክ ሴንሰሩን ቀይረውልሃል?"

"ካም ነው የቀየሩት።"

"ካም!" አሉ ራሳቸውን ይዘው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከልቡ ያዘነ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

ወጣን። እስከዚያ ቀዝቅዛ ስለነበር ተነሳች፤ እንድትግል ሞተሩን ሳታጠፋ ተዋት አሉኝና ገብተው አንድ ዙር ካርታ ተጫወቱ። ከዚያ አጥፍተናት ጥቂት ጠበቅን። ሞተር እንደጠፋ ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ ውሃውም ማራገቢያውም ስለሚቆም ሙቀቱ እዚያው ይታፈንና በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይብስ ያግለዋል። ሴንሰሩን የሚገድለው ይሄ ነው። ቁልፍ ሳዞር እምቢ። "ሃይላንድ ውሃ አምጡ!" አሉ። ኮፈኑን ከፍተው ታች በቺንጋው በኩል ያለውን ሴንሰር ብቻ እየለዩ ቀዝቃዛውን ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉበት። "የጋለ ሞተር ላይ እንዲሁ እንዳታፈስ፣ ይሰነጠቃል" እያሉ ይመክሩኛል። ትንሽ ቆዩና "በል አሁን" አሉኝ። ቁልፍ ነካሁ። ተነሳች!

ለካ ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ወጥቶ እያየን ነው። አንዲት ሴት ራሷን ረስታ "እልልልል" ብላ ልትለቀው ስትል አጠገቧ ያሉት አፏን ያዙዋት። ሌላዋ መጥታ ሽማግሌውን "አባቴ፣ የየትኛው ደብር ጠበል ነው?" አለቻቸው። እኔ ሳቄን ልውጠው ስል አነቀኝ፣ ሰዎቹ "አይዞህ፣ አይዞህ፣ እሳቸውም አርፈዋል" እያሉ ጀርባዬን ይመቱኛል።

ጋሼ በኋላ ሲያስረዱኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ክራንክ ሴንሰር ማለት ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። ፊቱ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞር ጥርሳም ጎማ አለ፤ 36 ጥርስ ሊኖረው ሲገባ ሆን ተብሎ 2 ጎድሎ 34 ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር ክፍተቷ ስታልፍ ፒስተኑ የት እንዳለ ያውቃል፣ ከዚያ ነው እሳትና ነዳጅ የሚያዘው። ሽቦው ውስጡ ከተሰነጠቀ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሲለያይ ሞተሪኖው የፈለገውን ያህል ቢዞር ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን አያውቅም፣ እሳትም ነዳጅም የለም። ቀዝቅዞ በቴስተር ሲለካ ደግሞ ልኩ ትክክል ነው። ጋራዦቹ ሁሉ ያዩት ቀዝቅዞ ነው። ኮምፒውተሩም እያስነሳህ እንዲህ ለአፍታ ሲጠፋበት ሁልጊዜ ኮድ አይመዘግብም። ሲያስነሱ የሞተሩን ዙር ስክሪን ላይ ቢያዩት ኖሮ ዜሮ ሲል ያገኙት ነበር።

በሚቀጥለው ቀን አዲሱ ተገዛ። የተያዘው በአንዲት 10 ቁጥር ቡሎን ነው፤ ፈትተው ለመግጠም አንድ ማኪያቶ ጠጥቼ አልጨረስኩም። ባትሪው፣ ካንዴላው፣ ሁለቱ ሴንሰሮች እንዲያው በከንቱ ተቀይረው ቀሩ።

አሁን የትም ቦታ አምስት ደቂቃ ቆሜ ልሂድ ብል ትነሳለች። ሄድኩ። አክስቴ ጋ አቦሉን ጠጥቼ ብድግ ስል ሲኒውን ይዛ ቀረች። ለቅሶ ቤት አስር ደቂቃ ተቀምጬ ስወጣ "ሥልጣን አገኘ እንዴ?" ተብያለሁ። ኮሚቴውም ዝም አለ።

ትናንት እናቴ ደወለች።

"ምን ሆነህ ነው? አክስትህ አኩርፋለች። ሰው ሆነህ ነበር እኮ፣ ምን ነካህ?"

"እማዬ፣ የመኪናዬ ሴንሰር ተበላሽቶ ነው የምቀመጠው የነበረው። አሁን አስቀየርኩት።"

ትንሽ አሰበች።

"የድሮው አለ?"

"አለ።"

"በል መልሰህ አስገጥመው።"