ፈትቶ መሥራት

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከመርካቶ የገዛሁትን አሮጌ የወንድ ሹራብ ገልብጬ ጭኔ ላይ ዘርግቼ የጎን ስፌቱን ስመረምር፣ እናቴ እጇን ሰደድ አድርጋ ጫፉን በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል አሸት አሸት አደረገችና «ይሄ የበግ ነው፤ ናይለን የለበትም» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ዐይኖቿ በሞራ ተጋርደው ስለነበር ሹራቡን በደንብ አላየችውም፤ ቀለሙንም «ቡናማ ነገር መሰለኝ» ብላ ተወችው። በዳሰሳ ብቻ የተናገረችውን ለማረጋገጥ ከእጅጌው ጫፍ ጣት የምታህል ክር ቆርጬ በክብሪት ለኮስኳት። ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቀው ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል፣ የሚተርፈውም በጣት ሲነኩት የሚደቅ ጥቁር አመድ ነው፤ አክሪሊክ የሆነ እንደሆነ ግን እየቀለጠ ይነድና ሲበርድ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የእኔዋ ክር ፀጉር ሸተተች።

እናቴ ሱፍን በእጇ የምታውቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ያደገችው መንዝ ውስጥ ነው። መንዝ ብርዱ የጸና፣ በጎቹም ፀጉራቸው የረዘመ አገር ስለሆነ ሴቶቹ ሱፉን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ በርኖስና ባና ይሠሩበታል፤ አያቴ በርኖሳቸውን ሳይደርቡ ደጅ አይወጡም ነበር ትላለች። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ በመሆኑ ገላ ላይ ለሚለበስ ሹራብ ብዙም አይመችም፤ ሹራብ መሥራት የተማረችውም አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ፣ ፒያሳ በተከራየችበት ግቢ ውስጥ ከነበሩ ጎረቤቶቿ ነው። የመጀመሪያዎቹ መርፌዎቿ ከብስክሌት ጎማ የወጡ ሽቦዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ሽቦ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ እኔ በ4 ሚሊሜትር መርፌ በአንድ ሳምንት የምጨርሰውን ሥራ እርሷ ወር ሙሉ ትይዘው እንደነበር ነግራኛለች።

እኔና ታላቅ እኅቴ የለበስነው የትምህርት ቤት ሹራብ ሁሉ የእርሷ እጅ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ያለፈው ዓመት ሹራብ ይፈታል፣ ክሩ ይታጠባል፣ አንድ ጥቅል አዲስ ክር ይጨመርበትና ከፍ ብሎና ሰፋ ብሎ ለመስከረም ይደርሳል። የተጨመረው ክር ቀለሙ ከአሮጌው ስለሚደምቅ ከወገቡና ከእጅጌው ጫፍ ላይ ታውለዋለች፤ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ጌጥ ይመስለው ነበር። ሹራብን ከሸማ የሚለየውም ይህ ነው። ሸማ ድርና ማግ ያለው በመሆኑ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች አንዴ ቆርጠው ከመቃኑ ካወረዱት በኋላ ወደ ክርነት የሚመለስበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ሹራብ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየገባ የተያያዘ አንድ ክር ነው፤ የመጨረሻው ጫፍ ከተገኘና ከተሳበ እስከ መጀመሪያው ድረስ ይመለሳል። በልጅነቴ እናቴ ስትፈታ ልቃቂቱን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ፤ ይህንን ሁሉ እያየሁ አድጌ ግን ራሴ የሹራብ ባለሙያ ስሆን መፍታትን እንደ ኪሳራ ቆጠርኩት።

በ2015 ዓ.ም. ከአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ክፍል ሥራዬን ለቅቄ ሹራብን እንጀራዬ አደረግኩት። አብዛኛው ትእዛዝ የሕፃን ልብስ ነበር፤ አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድምና ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሹራብና ትንሽ ብርድ ልብስ አንድ ላይ አድርጌ እሸጥ ነበር። ክሩ አክሪሊክ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም ከሚባለው ሱፍ ይልቅ ይቀላል፣ እናቶች በፈለጉት ጊዜ ስለሚያጥቡትም ይመቻል። ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለው ቤታችን ወደ አራት ኪሎ እየወጣሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ ደንበኛ ስጠብቅ ሁሉ እጄ አያርፍም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስና እንደገና ስትሠራ የእናቴ የቀድሞ ጎረቤቶች ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ ተቀምጠው አብረው የሚሠሩ ሴቶች ጠፉ፣ እኔም ብቻዬን መሥራቱን ለመድኩት። እርሷ ግን አልለመደችውም። እስከ ዛሬ ድረስ ቡና ሲፈላ ከሚያስፈልገው በላይ ስኒ ታቀርባለች።

አንድ ስሕተቴን እዚህ መናገር አለብኝ። ለጥምቀት የሚደርሱ 14 ሙሉ የሕፃን ልብሶች ታዝዤ ሳለ፣ በአንደኛው ሹራብ ላይ በብብቱ አካባቢ አንድ ዐይን ወርዶ አገኘሁት። እኛ ቤት መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ቀለበት ዐይን እንላታለን፤ ዐይን ወረደ ማለት አንዷ ቀለበት ሳትያዝ አምልጣለች ማለት ነው፣ እርሷ ካመለጠች ደግሞ ከበታችዋ ያሉት እየተከተሏት እንደ መሰላል ይተረተራሉ። ያገኘሁት 20 ረድፍ አልፌ በመሆኑ መፍታቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን ያመለጠችውን ዐይን ከጀርባ በቁራጭ ክር ቋጥሬ አለፍኳት፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ልብሱ መጀመሪያ ሲታጠብ ቋጠሮው ተፈታ፣ ገዢዋም እስከ ደረቱ የተተረተረውን ሹራብ በፌስታል ይዛ መለሰችልኝ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ «ልጁ አንድ ቀን ብቻ ነው የለበሰው» ነው ያለችኝ። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ሌላ ሠርቼ ብሰጣትም አልተቀበለችኝም።

በዚያው ሰሞን ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጄ እየደነዘዘ ያባንነኝ ጀመር፤ ድንዛዜው ከአውራ ጣቴ እስከ ቀለበት ጣቴ ግማሽ ድረስ ሲሆን ትንሿን ጣት አይነካም። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ በሽታውን ወዲያው ለየው፤ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ በጠባብ መተላለፊያው ውስጥ ሲጨመቅ የሚመጣ፣ ካርፓል ተነል የሚባል ሕመም ነው፤ ትንሿን ጣት የሚያገለግለው ሌላ ነርቭ ስለሆነ ነው እርሷ የምትተርፈው። ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስሬ እንድተኛና ለስምንት ሳምንት መርፌ እንዳልይዝ አዘዘኝ። ትእዛዞቹን መልሼ፣ በከፊል የሂሳብ ሥራ ለሁለት ሱቆች መያዝ ጀመርኩ፤ ይህንኑ ሥራ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። ወር ጠብቆ የሚገባው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ሹራቡን ከጥድፊያ አድኖልኛል።

ከእረፍቱ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ እንዲሆን የመረጥኩት ያንን አሮጌ ሹራብ ነው። ጥሩ የሱፍ ክር እዚህ ከተማ ማግኘት አስቸጋሪ፣ ሲገኝም ውድ ነው፤ ከቦንዳ በሚወጣው ሳልቫጅ መካከል ግን ትዕግሥት ላለው ሰው ሱፍ አይጠፋም። ዋናው ነገር የጎን ስፌቱ ነው። ከተሠራ ጨርቅ ላይ በመቀስ ተቆርጦ ጠርዙ በኦቨርሎክ የተሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ጫፉ ላይ ተቆርጧል ማለት ስለሆነ ቁራጭ ክር እንጂ ሌላ አይገኝበትም፤ እንዲህ ያለውን ሳልገዛ እመልሳለሁ። ክፍሎቹ እንደየቅርጻቸው ተሠርተው የተያያዙ ከሆነ ግን የስፌቱ ክር እንደ ሰንሰለት ይመዘዛል፣ ጀርባው፣ ደረቱና ሁለቱ እጅጌዎች ለየብቻ ይለያያሉ፣ እያንዳንዳቸውም ከላይ ወደ ታች ይፈታሉ።

መፍታቱ ሁለት ምሽት ወሰደ። ክሩ ሲወጣ፣ ተሠርቶ ሰንብቶ እንደ ተፈታ ሹሩባ ነው፤ ለዓመታት የያዘውን መታጠፍ አይለቅም፣ በዚሁ ሁኔታ ቢሠሩበትም ዐይኖቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆናሉ። ስለዚህ በወንበር መደገፊያ ላይ አዙሬ ጠቀለልኩት፣ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጌ አሰርኩት፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ዘፈዘፍኩት። መፈተግ ፈጽሞ አይገባም፤ የሱፍ ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች ስላሉት በሙቅ ውኃ ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዝና ወደ ድፍን ጨርቅነት ይለወጣል። ውኃውን በፎጣ አስመጥጬ፣ ከታች ግማሽ ውኃ የያዘ ሃይላንድ አንጠልጥዬበት ጥላ ውስጥ ሰቀልኩት። በሦስተኛው ቀን ክሩ ቀጥ ብሎ፣ ለስልሶም ወረደ። ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ በሚዛኑ ሲመዝንልኝ 480 ግራም ሆነ፤ ለእናቴ እጅጌ ሙሉ ሹራብ በቂ ነው።

ቀድሞ የምዘለው ሌላው ነገር መለኪያ ጨርቅ መሥራት ነበር። አሁን 15 ሴንቲሜትር በ15 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ሠርቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከመካከሉ 10 ሴንቲሜትር ላይ ያሉትን ዐይኖች ቆጠርኩ፤ 22 ሆኑ። የእናቴ ሹራብ ዙሪያው 110 ሴንቲሜትር እንዲሆን 242 ዐይን ያስፈልጋል ማለት ነው። በ10 ሴንቲሜትር ላይ 21 ሆኖ ሳለ 22 ነው ብዬ ብጀምር ኖሮ ያው 242 ዐይን ከ115 ሴንቲሜትር ያልፍና ከትከሻዋ ይንሸራተት ነበር። አንዲት ዐይን እንዲህ ያለ ልዩነት እንደምታመጣ በሂሳብ የማውቀው ሰው ሆኜ፣ ለሦስት ዓመት በግምት መሥራቴ ያሳዝነኛል።

ምሽት ምሽት፣ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ካሉት መቀመጫዎች በአንዱ፣ መብራት ሥር እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ጥቂት ረድፍ እሠራለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አልሄድም፣ እጄን ማሳረፍ አለብኝ። እርሷም የሠራሁትን እየተቀበለች በጣቷ ትቆጥረዋለች። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፣ አንዳንድ ትልልቅ ሴቶች አብረውን ይቀመጡና እነርሱም በወጣትነታቸው ዳንቴል ይሠሩ እንደነበር ያጫውቱናል። አንዲት እናት በሦስተኛው ቀን የራሳቸውን ኪሮሽ ይዘው መጡ።

የእናቴ የሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገው በመጋቢት ነው። በኢትዮጵያ ካለው ዐይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት እንደሚመጣ በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት አሳይቷል፤ እናቴ ግን «ዕድሜ ነው፣ ይለፈኝ» እያለች ሦስት ዓመት አዘግይታዋለች፣ እኔም ትእዛዝ ሲበዛብኝ አልገፋፋኋትም። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የቀኝ ዐይኗን ሠሩላት። ሥራው ራሱ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም፤ የደፈረሰው የዐይን ሌንስ ይወጣና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው የሐኪሟን ነጭ ጋውን ነበር፤ «እንዲህ ነጭ ነው እንዴ?» አለች።

ቤት እንደገባን በአልጋዋ ራስጌ ወንበር ላይ መርፌው ውስጥ እንዳለ የተቀመጠውን ሹራብ አየችና ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ አንሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ሞራ የያዘው ሌንስ ቢጫና ቡናማ እየሆነ ስለሚሄድ ከቀለሞች ሁሉ በብዛት የሚያስቀረው ሰማያዊን ነው፤ ይህንን ሐኪሟ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፣ ለእርሷ ግን አልነገርኳትም።

«ሰማያዊ ነው» አለች። «አራት ወር ሙሉ ቡናማ ነው ስልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክታዪው ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ጀርባውን ዘርግታ በቀኝ ዐይኗ ረድፍ በረድፍ ወረደችበት። በትከሻው በኩል፣ ከመርፌው 11 ረድፍ በታች፣ ከሁለት ዐይኖች አንዷ በሌላዋ ላይ ተዛንፋ ተሠርታለች፤ ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ወደ እኔ ቀና አለች። ሰውም ሆነ እኔ ሳናስተውለው የኖርነው ነገር ነው፤ አይተረተርም፣ ሲለበስም አይታይም። መርፌውን መዝዤ ክሩን መሳብ ጀመርኩ፤ እናቴም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚወጣውን እየተቀበለች ልቃቂቱ ላይ ትጠቀልለው ጀመር።