ስዊቭሉን ከአኑላሩ ፊት ስታቆሙ ታሊውን ብቻ አትመኑ

ሂዩስተን ላይ ስንገናኝ ስለ ባሕር ላይ ቁፋሮ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ደሞዙ ስንት ነው፣ ሄሊኮፕተሩ ያስፈራል ወይ፣ ምግቡ እንዴት ነው። ስለ ስዊቭል፣ ማለትም የቁፋሮው ቧንቧ ዙሪያውን ተይዞም እንዲዞር ስለሚያደርገው ዕቃ፣ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። እኔንም ከመግባቴ በፊት የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ሌሊት ሙሉ ከስልክ ጋር ባልተጨቃጨቅኩ።

መግቢያውን በአጭሩ ልለፈው። ቲዊክ የሚባለውን የአሜሪካ ወደብና የባሕር ሠራተኛ መታወቂያ ካርድ ታወጣላችሁ። መዋኛ ገንዳ ውስጥ በተገለበጠ ሄሊኮፕተር ተቀምጣችሁ በመስኮት መውጣት ትለማመዳላችሁ። ከነሻንጣችሁ ትመዘኑና ከሉዊዚያና ትበራላችሁ። የእኔ ሥራ ፈሳሹ ላይ ነው፤ የሌሊት ተረኛ።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ኬሲንግ የሚባለው ግድግዳውን የሚደግፍ የብረት ቱቦ ወርዶ፣ ሲሚንቶው ከተፈተነ በኋላ ውስጡ ያለው ከባድ ጭቃ ወጥቶ በጨዋማ ውኃ ይተካል። ቢኦፒው፣ ማለትም ጉድጓዱን አፉ ላይ የሚዘጋው ትልቅ የመዝጊያዎች ክምር፣ የባሕሩ ወለል ላይ ነው። ከሱ እስከ መርከቡ ድረስ ራይዘር የሚባል ትልቅ ቧንቧ አለ። 1,500 ሜትር ውኃ ላይ ራይዘሩ ብቻውን ከ1,600 በርሜል በላይ ጭቃ ይይዛል። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ቢኦፒው አናት ላይ ያለው አኑላር፣ ማለትም ወፍራሙ ጎማ፣ በራይዘሩ ውስጥ የሚወርደውን የቁፋሮ ቧንቧ ዙሪያውን ጨምቆ ይይዛል። ከላይ ያለው፣ ቡስት መስመር በሚባል ከራይዘሩ ጎን በሚወርድ ቀጭን ቧንቧ ይታጠባል፤ የታችኛውን የሚያጥበው ውኃ ደግሞ በቁፋሮው ቧንቧ ወርዶ ቾክና ኪል በሚባሉ ሌሎች የጎን መስመሮች ይመለሳል።

ችግሩ፣ ጎማው ከያዘ በኋላ ቧንቧውን ማሽከርከር አይቻልም። ካልተሽከረከረ ደግሞ ጉድጓዱ ባዘመመበት በኩል የተኛው ጭቃ አይነሳም፤ ውኃው በሰፊው በኩል ሹልክ ብሎ ያልፈዋል። ስዊቭል የመጣው ለዚህ ነው። ከውጭ ስሊቭ የምንለው ወፍራም ቱቦ አለው፤ ጎማው የሚይዘው እሱን ነው፣ እሱም ባለበት ይቆማል። ከውስጥ ያለው ዘንግ ግን በኩሽኔታ ላይ ከቧንቧው ጋር ይዞራል። መሐላቸውን የሚዘጋው ፓራዮሊ ነው። ጋራዥ የሠራ ሰው ቢያየው ወዲያው ይገባዋል። ስሊቩ ከላይና ከታች ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ ይህን ያዙልኝ።

ጭቃን በውኃ መተካት ቀልድ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ዲፕዋተር ሆራይዘን የሚባለው የባሕር ቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ 11 ሰው የሞተው ይኸው ሥራ እየተሠራ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከባዱን ጭቃ በቀላል ፈሳሽ ለመተካት እያንዳንዱን ደረጃ ጽፎ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ሆኗል። እኛም ወረቀቱ ነበረን። የተፈረመ፣ የተፈቀደ፣ ምንም ያልጎደለው።

ስዊቭሉን ስለማቆም ግን የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በታሊው መሠረት ከላይኛው አኑላር ፊት ይቁም።» በቃ።

ታሊ ማለት መርከቡ ላይ አንድ በአንድ የተለካ የቧንቧ ዝርዝር ነው። ቧንቧው ሲለካ ተኝቶ ነው። ሲወርድ ግን ይንጠለጠላል። ከስዊቭሉ በታች አራት ሺህ ሜትር ገደማ ቧንቧ አለ፤ ያ ሁሉ ክብደት የላይኛውን 1,500 ሜትር ይስበዋል። ብረት ይለጠጣል። በወረቀት ላሰላው ብትሉ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ስዕሉ ላይ ከመርከቡ ወለል እስከ አኑላሩ ያለው ርቀት የተጻፈው ራይዘሩ በወረደበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ መርከቡ ነዳጁንም ጨዋማ ውኃውንም ጭኖ ዝቅ ብሏል። ብዙ አይደለም፤ ቢበዛ ግማሽ ሜትር። ግን እሱም ዕቃውን የሚገፋው ወደዚያው ወደ ታች ነው። የእኛ ስሊቭ ደግሞ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ምን አለበት ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ፣ ጎማው ስሊቩን ሳይሆን የሚዞረውን ቧንቧ ይይዛል፤ ስታሽከረክሩ ይበላል። ዲፕዋተር ሆራይዘን ላይ የነበረው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ማይክ ዊሊያምስ ከአደጋው በፊት የጎማ ቁራጭ ከጭቃው ጋር መውጣቱን ተናግሯል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ከአኑላሩ በታች ሺር ራም አለ። መርከቡ ድንገት መላቀቅ ካለበት ቧንቧውን ቆርጦ ጉድጓዱን የሚዘጋው እሱ ነው። ቧንቧ ይቆርጣል፤ የስዊቭል አካል ግን አይቆርጥም። ወደ ታች የተረፈች እያንዳንዷ ሜትር ወደሱ ታስጠጋችኋለች።

የብሱ ላይ ወዳለው ቢሮ ደወልኩ። የቧንቧው መለጠጥ ታስቦበታል ወይ አልኩ። «ታሊው ተገምግሟል» አሉኝ። ታሊው መገምገሙን አልጠየቅኩም። ደግሜ ጠየቅኩ። የመርከቡ ኪራይ በቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሆነ አስታወሱኝ፤ እኔ የማላውቀው ይመስል። ኪሳችን ውስጥ ማንም ሠራተኛ ሥራ ማስቆም ይችላል የሚል ካርድ አለ፤ በሕግ የመጣ መብት ነው። አስቆምኩ። ያኔ የስልኩ ሰው ስሜን ፊደል በፊደል እንድጠራለት ጠየቀኝ። ለሪፖርቱ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይተናነቀኛል።

ደግነቱ ድሪለሩ፣ የቁፋሮ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ሸምገል ያለ የሉዊዚያና ሰው ነበር፤ ብዙ አይናገርም። «እንሞክረዋ» አለ። የአኑላሩን ግፊት ዝቅ አስደረግን፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቧንቧውን ወደ ታች ለቀቅ አደረገው። ስሊቩ ጎማው ውስጥ ቢሆን ኖሮ የላይኛው ከንፈር ከአንድ ሜትር ባነሰ ይያዝና የክብደት መለኪያው መርፌ ይወርድ ነበር። ሁላችንም መርፌው ላይ አፍጥጠናል። ወፍ የለም። ከሜትር በላይ ወረደ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ጎማው ባዶ ቧንቧ ይዟል ማለት ነው።

ተከፈተ፣ ሁለት ሜትር ያህል ተነሳ፣ እንደገና ተዘጋ። ወደ ታች፦ ተያዘ። ወደ ላይ፦ ተያዘ። በሁለቱ መሐል ቧንቧው ላይ በኖራ ምልክት አደረግን፤ መሐሉ ላይ አቆምነው። ከዚያ በኋላ ያለው እጥበት ዝም ብሎ ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ንጹሕ ውኃ መጣ፣ ሼከሩ፣ ማለትም የሚመለሰውን ፈሳሽ የሚያጣራው ወንፊት፣ ላይ አንዲት የጎማ ቁራጭ አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር ደረቴ ትንሽ ተነፍቶ ነበር።

ስለዚህ ወረቀታችሁ ምንም ይበል፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩ። ወደ ላይ ብቻ መሳብ የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። ስሊቩ ከጎማው በታች ከሆነ ወደ ላይ ስትስቡ የላይኛው ከንፈር ጎማውን ከሥሩ ይመታና ልክ እንደታችኛው ያስመስለዋል። እኛን ያተረፈን ወደ ታች መሞከራችን ነው። ስሊቩ ስንት እንደሚረዝም ከወረቀት አትቀበሉ፤ ዕቃው ገና መርከቡ ላይ ተኝቶ ሳለ ሜትር ይዛችሁ ለኩት። የመዝጊያውን ግፊት ደግሞ የዕቃው ኩባንያ ሰው ሳይሆን ቢኦፒውን የሚያውቀው የሰብሲ (የባሕር ወለል ዕቃዎች) ባለሙያ ይወስን። ብዙ ጊዜ 1,500 ፒኤስአይ ነው የሚባለው፤ ለዚህ ሥራ ግን ሳያፈስ የሚይዘው ዝቅተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ሺር ራሙ ፊት ምን እንዳለም ተጽፎ ድሪለሩ ዓይን ሥር ይለጠፍ።

ለሚቀጥለው ጉድጓድ የመጣው ወረቀት ላይ «የቧንቧው መለጠጥ ይታሰብ» የሚል አዲስ መስመር ተጨምሯል። ማን እንዳለው አይልም። የዚያ ሌሊት ሪፖርት ግን አሁንም ፋይል ውስጥ አለ፤ «ያልታቀደ መዘግየት» ተብሎ፣ ከጎኑ የእኔ ስም። እሱንም ተሳስተው ነው የጻፉት።