ጂን ስንት ጊዜ ትሙት?

ሦስት ቀን ሆነኝ እንዲህ ስሆን። አልታመምኩም፣ ያዘንኩበት ነገርም የለም፤ ብቻ ሰው "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ መልሱን ማሰቡ ራሱ ይደክመኛል። ያ ጉዳይ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። እሺ ወይም እምቢ፤ ሌላ ቃል አይጠይቅም። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት መሀሉን አሰመርኩና የሚያጓጓኝን በግራ፣ የሚያስፈራኝን በቀኝ ልጽፍ ተነሳሁ። ሻይ አፈላሁ። እስክሪብቶ ፍለጋ ሳሎን ስወጣ ትንሹ ወንድሜ ፊልም ከፍቷል። "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

የኤክስሜን፣ የእነዚያ ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ጀግኖች፣ የ2019ኙ ፊልም ነበር፤ ያ ጨለማዋ ፎኒክስ የተባለው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) የወጣ ሰሞን አይቼው፣ ነድጄ፣ ሁለተኛ ዓይኔን አላሳርፍበትም ብዬ የማልኩበት ፊልም ነው። ይኸው አምስቱ ደቂቃ ተስቦ ተስቦ እስከ መጨረሻው የስም ዝርዝር አደረሰኝ። በመሀል "እንዲህ አይደለም እኮ!" ያልኩትን ወንድሜ ሲቆጥር ነበር፤ አሥራ አንድ ደርሷል አለኝ። አሥራ ሁለተኛው አፌ ላይ እያለ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ጨመረ። በእኛ ቤት ይሄ ዝም በይ ማለት ነው፣ በጨዋ ደንብ።

ታሪኩን ስንቴ እንደነገርኳችሁ አውቃለሁ፤ ዛሬም ታገሡኝ። ከኤክስሜን አንዷ የሆነችው ጂን ግሬይ (ስሟን በፊደላችን በጻፍኩት ቁጥር አጋንንት የጠራሁ ይመስለኛል፤ እሷም ብዙ አልራቀችም) በ1980 በወጣው ኮሚክ ላይ፣ ክሪስ ክሌርሞንት በጻፈውና ጆን በርን በሣለው፣ ውስጧ ያለው ኃይል ያይልባትና ኮከብ ትበላለች። ለማጋነን አይደለም፤ ርቧት ትበላዋለች። በዚያ ኮከብ ዙሪያ የሚኖሩ አምስት ቢሊዮን ነፍሶች አብረው ያልቃሉ። ዲባሪ ይባላሉ። ማንንም አልነኩም፤ ታሪኩ ውስጥ የገቡት ለመሞት ብቻ ነው። ጂን ወደ ልቧ ስትመለስ ይህን ተሸክማ ነው የምትመለሰው። በመጨረሻም ጨረቃ ላይ፣ የምትወደው ስኮት ዓይኑ እያየ፣ ያ ነገር ዳግም ሳያሸንፋት በፊት ራሷን ታጠፋለች። ማንም አልገደላትም። እሷ ነች የወሰነችው።

ይቺን "እሷ ነች የወሰነችው" የምትለዋን ነው ሁለት ጊዜ የቀሙኝ።

በ2006ቱ የኤክስሜን ፊልም ዎልቨሪን፣ ያ ባለ ብረት ጥፍሩ ጓዷ፣ በጥፍሩ ወጋት። "አድነኝ" አለችው፣ እሱም እያለቀሰ አዳናት፤ ያ መዳን ከተባለ። ፖስተሩ ላይ የማን ፊት ገኖ እንደሚታይ ያየ ሰው ውሳኔው ለምን ከሴትዮዋ እጅ ወጥቶ ወደ ሰውየው ጥፍር እንደገባ አይጠፋውም። በዚያ ላይ ሌላ ሙሉ ታሪክ፣ በ2004 ኮሚክ ላይ የወጣውን፣ ልዩ ኃይላቸውን የሚያጠፋውን መድኃኒት ጉዳይ፣ እዚያው ፊልም ውስጥ ጠቅጥቀውበታል፤ እሷ በገዛ ሞቷ እንግዳ ሆነች። ከዚያ የዚያ ፊልም ጸሐፊ ከነበሩት ሁለቱ አንዱ፣ ሳይመን ኪንበርግ፣ በ2019 ያንኑ ታሪክ እንደገና ጻፈው፤ ዳይሬክተሩም እሱው ሆነ። ሁለተኛ ዕድል እንዲህ በእጁ የሚገባለት ሰው ስንት ነው? እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ለሰውየው ጸልዬለት ነበር ማለት ይቻላል።

ምን አደረገ? ዲባሪዎቹን አመጣቸው። ስማቸውን ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ አስታወሷቸው! ብዬ። ለካ ምድርን ሊነጥቁ የመጡ፣ መልካቸውን የሚቀያይሩ ክፉዎች አድርገዋቸዋል። ፕላኔታቸውንም ያጠፋው ኃይሉ ብቻውን ነው፣ ጂን ጋ ከመድረሱ በፊት። የተበደሉት በዳይ ሆኑ፣ በዳይዋ ነጻ ወጣች። በስህተት አንዲት ባልንጀራዋን ትገድላለች እንጂ አምስት ቢሊዮኑ ከጫንቃዋ ወርዷል። ታዲያ ያ ሸክም ከሌለ መጨረሻ ላይ የምትሰዋው ምኑን ነው?

ልብስ ቢቀይሩ ግድ የለኝም። በ2007 ጋላክተስን፣ ያን ዓለም የሚውጥ ባለ ወይን ጠጅ ቆብ ግዙፍ፣ ደመና አድርገው ሲያመጡት ሳቅሁ። በ2009 የለፍላፊውን የዴድፑልን አፍ ሲሰፉትም ሳቅሁ፤ ሰውየው ከምላሱ ሌላ ምን አለው? ኮሚኩ ላይ 1 ሜትር ከ60 ገደማ የሆነው ዎልቨሪን በሂዩ ጃክማን ቁመት ከ1 ሜትር ከ85 በላይ ተመዞ ሲመጣ ስንቱ አለቀሰ፤ ዛሬ ያው አልቃሽ ከጃክማን ሌላ ዎልቨሪን አላውቅም ይላል። እነዚህ ያልፋሉ። የጂን ነው አላልፍ ያለኝ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ አወራሁለት። ድምፁን ቀንሶ አዳመጠኝና "እሺ፣ ኮሚኩ ላይ እንድትሞት የፈለገው ማነው?" አለኝ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ጥያቄው ግን አለበት።

መልሱን አውቀዋለሁ። ስለማውቀው ነው ሰው ፊት የማላነሳው። ክሌርሞንትና በርን ሊገድሏት አላሰቡም ነበር። ኃይሏን ተነጥቃ፣ ተራ ሴት ሆና ከስኮት ጋር እንድትኖር ነበር የጨረሱት፤ ገጹ ሁሉ ተሥሏል። የኮሚኩ አሳታሚ የማርቨል ዋና አዘጋጅ የነበረው ጂም ሹተር አየውና እምቢ አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀች ሴት እንዲሁ ተመርቃ ቤቷ አትገባም ነው ነገሩ። መጨረሻው ተቀየረ፤ ጂን ሞተች። የመጀመሪያው መጨረሻ በ1984 ለብቻው ታትሞ ስለወጣ "ወሬ ነው" ብዬ እንኳ ማምለጫ የለኝም።

እንግዲህ "እሷ ነች የወሰነችው" እያልኩ የምፎክርበት ነገር የአለቃ ትእዛዝ ነበር። ባሰብኩት ቁጥር የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሹተር ልክ መሆኑ ነው። ያ ታሪክ በሰላም ቢያልቅ ዛሬ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አልጮህለትም ነበር። ለደራሲዎቹ ታማኝ ሁኑ እያልኩ ስጮህ ግን ደራሲዎቹ ያላሰቡትን መጨረሻ ነው የምጠብቀው።

ደግሞ በዚህ ቢያበቃ! በ1986 አሳታሚው ራሱ ጂንን ከውኃ ሥር፣ እንደ ሐር ትል ጎጆ ካለ ነገር ውስጥ፣ በሕይወት አወጣት። ጨረቃ ላይ የሞተችው እሷ አይደለችም፣ መልኳን የወሰደው ኃይል ነው ተባለ። ኮከቡንም የበላው እሱ፣ አምስት ቢሊዮኑንም የፈጀው እሱ። ማለትም ፊልሙ ጂንን ንጹሕ አደረጋት ብዬ የማብድበትን ነገር ኮሚኩ ከ33 ዓመት በፊት ሠርቶት ቁጭ ብሏል። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም። ሁሉን ነገር ለታናሽ አይነግሩም።

"ቢሆንም" አልኩት፣ "ዝናቡን መተው አልነበረባቸውም።"

"የምን ዝናብ?"

ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ ከእኔ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል። ጂን ከጠፋች በኋላ ስኮት ብቻውን ቆሞ፣ ዝናብ ይወርዳል፤ ውኃው በቀዩ መነጽሩ ላይ ስለሚንዠቀዠቅ ማልቀስ አለማልቀሱ አይለይም። አንዲት ቃል የሌለበት ገጽ። ሁለቱም ፊልሞች ያቺን ገጽ መንካት አቅቷቸው ነው የወደቁት እያልኩ ስንቱን ሰው አድክሜያለሁ፤ መ. ትመስክር፣ በልደቷ ቀን ሳይቀር። "ቆይ ላሳይህ" ብዬ ተነሳሁ። የታላቃችን ካርቶን አሁንም አልጋዬ ሥር ነው። ጂን የሞተችበትን የኮሚኩን ቁጥር 137 ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ጥግ ጥጉ ተበልቷል እንጂ ደህና ነው።

ስኮት አለ። መነጽሩ አለ። ብርሃኑ አለ። ዝናብ የለም።

ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥኩ። ገጾች ተጣብቀው እንደሆነ ብዬ በጥፍሬ ሞከርኩ። ቃል የሌለበት ገጽማ ጭራሽ የለም፤ ክሌርሞንት ነው እኮ፣ ሰውየው ሲሞቱም የሚያስወራ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ጨረቃ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ጨረቃ ላይ ማን ያዘንባል? ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ "ጨረቃ ላይ?" አላለኝም። ወይ አዳምጠውኝ አያውቁም፣ ወይ አዝነውልኛል።

ከየት አመጣሁት? ምናልባት ያነበብኩት ቀን ውጭ እየዘነበ ነበር። ምናልባት ከሌላ ኮሚክ፣ ከሌላ ሞት ተቀላቅሎብኝ ነው። የምፈራው ሦስተኛውን ነው፤ ከሆነ ፊልም የመጣ እንዳይሆን። ፊልም ላይ ሰው ሲያዝን ሁልጊዜ ይዘንባል።

መሀሉ በተሰመረው ወረቀት ላይ፣ በግራ በኩል፣ "ዝናብ?" ብዬ ጽፌያለሁ። መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ሻዩ በርዷል።

"አገኘሽው?" ይላል ወንድሜ ከሳሎን።

"ያቺ ገጽ ተቀድዳ ጠፍታለች" አልኩት።