ከደቦው የተረፈው ድግስ

ከአዲስ አበባ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚያደርሰው መንገድ ብዙ የሚባልለት ቢሆንም፣ እኔ አብዛኛውን በእንቅልፍ ስላለፍኩት የምጨምረው የለኝም። እንቅልፍ የነሳችኝ ራሷ ኮምቦልቻ ናት። ያረፍኩበት ሆቴል ወደ ባቲ በሚወጣው የጅቡቲ መንገድ ዳር በመሆኑ የተሳቢ መኪኖች ሞተር ሲያጓራ አደረ፤ ጠዋት ደግሞ በሒሳቤ ላይ «ለሙቅ ውሃ» ተብሎ መቶ ሃምሳ ብር ተጨመረ። ውሃው በረዶ ነበር።

የሄድኩት በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ የማሽላ ውቂያ ለማየት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በከተማው አቅራቢያ፣ በቃሉ ወረዳ ወደሚኖሩት አጎቱ ላከኝ፤ ባጃጁም የአገሬው ሰው ከሚከፍለው ሦስት እጥፍ አስከፍሎ አደረሰኝ።

አጎትየው እንዳጫወቱኝ፣ ቀድሞ አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቅና ሲደርቅ ዛላው ይነጠፍበታል። የደቦው ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው በዱላ ይወቁታል፤ አንዱ ረድፍ ሲያነሣ ሌላው ያሳርፋል፤ ዜማውም የሚያስፈልገው ለማድመቂያ ብቻ ሳይሆን ዱላ ከዱላ እንዳይጋጭ ነው። ቀን ሲቆረጥ ዓርብም የክርስቲያኑ በዓልም ይዘለላል፤ ለሙስሊሙ ቀሪቦ፣ ለክርስቲያኑ ጠላ ይዘጋጃል፤ ከታረደም በየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል። እህሉ ከመሰፈሩ በፊት ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ።

እኔ የደረስኩበት አውድማ ግን በእበት ፋንታ ሸራ ተነጥፎበት፣ በመካከሉ የመውቂያ ማሽን ያናፋ ነበር። የማሽላ ትቢያ አንገት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚያሳክክ ያልቀመሰው አያውቀውም። የስንት ሰው የአንድ ቀን ሥራ የነበረው ከረፋድ እስከ ቀትር አለቀ። የማሽኑ ባለቤት ሌላ ማሳ እየጠበቀው ስለነበር ኪራዩ የሚታሰብበትን ኩንታል ወዲያው ለመቁጠር ሲጣደፍ፣ አንድ አዛውንት «ዱዓ ሳይደረግ አይሰፈርም» ብለው ከጆንያው ፊት ቆሙ። ከጥቂት ክርክር በኋላ እሱም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

ደቦው ለምን ቀረ ብዬ ብጠይቅ ሁሉም መጀመሪያ የሚያነሡት የጉልበት ማነስን ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት በፈረቃ ይሠራል፤ ፈረቃ ደግሞ ለደቦ አይመችም። የ2014ቱ ጦርነት አካባቢውን ያገኘው በመኸር ወቅት ስለነበር፣ ሰው ተበትኖ ደቦ ጠሪም ተጠሪም ታጣ፤ አጎትየው ማሽን መከራየት የጀመሩት በማግስቱ ዓመት ነው።

የገረመኝ፣ ሥራው ሲቀር ድግሱ አለመቅረቱ ነው። ከቀትር በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። እኔ ጎጃም ያደግሁ ሰው ነኝና ሳይሠሩ ተሰብስቦ መብላት እንደ ነውር ስለሚታየኝ ለአጎትየው ባለቤት የውቂያው ዜማ መቅረቱ እንደሚያሳዝን ነገርኳቸው። እማማ ሳቁብኝ፤ «አብሽር የኔ ጌታ! ዜማውማ ለሰሚ ያምራል። እኔ ለሠላሳ ሰው ስጋግር ሌሊቱ ነግቶብኝ አንዱንም ሰምቼው አላውቅ» አሉኝ። የባህል መጥፋት ሲነሣ እንጀራ ጋጋሪዋን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም እስከዚያ ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ሆኖም እንግዳ አይከፋ ብለው፣ ከሸራው ዳር የተራረፈውን ዛላ ሰብስበው ዱላ ይዘው ቆሙልኝ። ሁለቱ አዛውንቶች ዜማውን አንሥተው ሳይዛነፉ ሲመቱ፣ ወጣቶቹ ግን ከሦስተኛው ምት ወዲያ ዱላ ለዱላ እየተላተሙ በሳቅ ፈረሱ። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ የፋብሪካው ሰርቪስ ከመንገዱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ለማታ ፈረቃ የሚገባው የቤቱ ልጅም ዱላውን ለእኔ አስጨብጦ በሩጫ ወረደ።