የቤዝ ስፒከር ፍለጋ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራዬ ሁሉ የቤዝ ጊታር ስፒከር መምረጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰርግ ላይ ስንጫወት አሮጌው የስፒከር ሳጥኔ ጉምጉምታ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ከበሮው ሲመታ የእኔ ጣት የት እንደገባ ማንም አልለየውም። በጣም ነው የቆጨኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ውስጡ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለውን ሳጥን ነው። ትዝታን በዝግታ ስጫወትበት ደረቴን ሞላው። ወደ ቺክቺካ ስሻገር ግን ድምፆቹ ተደበላለቁ። ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ባሉት ሳጥን ላይ ግን እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ወጣ። ነገሩ የስፋት ብቻ አይደለም፤ የሳጥኑ አሠራርም ይወስነዋል። የቤዝ ጊታር አራተኛው፣ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ማለትም በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ብዙ ሳጥኖች ያንን መሠረታዊ ድምፅ በሙሉ ኃይል አያወጡትም፤ ጆሮአችን ከበላዩ ካሉት ድምፆች አሟልቶ ይሰማዋል። ስለዚህ መድረክ ላይ መካከለኛ ድምፁ የጠራ ሳጥን ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከ1969 ጀምሮ የሚታወቀውን የአምፕሊፋየር አምራቹን የአምፔግን ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ሳጥን ማን ይጠላል? ግን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እኛ የምንጫወትባቸው ቤቶች ደግሞ ደረጃቸው ጠባብ ነው።

የገዛሁት ባለ ሁለት ስፒከሩን ነው፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 8 ኦም ነው። ሁለት 8 ኦም ሳጥኖች ጎን ለጎን (በፓራለል) ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሬ እስከ 4 ኦም ዝቅ ቢል ስለሚችል፣ ገንዘብ ሲሞላልኝ መንትያውን አጠገቡ አገናኛለሁ። ማግኔቱ ኒዮዲሚየም በመሆኑ ቀላል ነው፤ በአንድ እጄ አንስቼ ታክሲ ውስጥ አስገባሁት። ማታ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስሞክረው የብርጭቆ መደርደሪያው መስታወት በቀስታ ተንቀጠቀጠ። ቅዳሜ ሌላ ሰርግ አለብን።